የሮጥኩት እኔ ብቻ ነበርኩ

ዋሽንግተን ዲሲ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ፓርኪንግ ሥራ ያዝኩ። አንድ ደንበኛ መኪናውን መግቢያው ላይ አቁሞ ወረደና "ኢትስ ራኒንግ" ብሎኝ ወደ ሕንጻው ገባ። "ራን" መሮጥ እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። መኪናው ቁልቁል እየተንደረደረ መስሎኝ በረርኩ። ንቅንቅ አላለም። ሰውዬው ለካ "ሞተሩን አላጠፋሁትም" ማለቱ ነው።

ማታ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ትርጉሙ አያልቅም። በኋላ እንዳነበብኩት፣ የትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ፒተር ጊሊቨር ለዚህች አንዲት ግስ 645 ፍቺ አውጥቶላታል። ዘጠኝ ወር ፈጅቶበታል። እኔ ከላይ ጀምሬ በቃሌ ልይዝ ሞከርኩ። በሦስተኛው ቀን ተውኩት።

ከዚያ ትንሽ ደብተር ኪሴ ከተትኩ። ቃሉን በሰማሁ ቁጥር አነጋገሩን እንዳለ እጽፋለሁ፤ አጠገቡ እኛ እዚያ ቦታ ላይ የምንለውን። አፍንጫ "ራን" ሲያደርግ እኛ ጋ ይፈሳል። ሱቅ "ራን" የሚያደርግ ሱቅ ያስተዳድራል፤ ለከንቲባነት ከሆነ ደግሞ ይወዳደራል። ቀይ መብራት ላይ ከሆነ ጥሷል። ይህ እንኳ ቀላሉ ነው።

ያስቸገረኝ ከኋላ የምትለጠፈው ቃል ናት። "ራን አውት" ማለቅ ነው፣ "ራን ኢንቱ" ሰውን ድንገት ማግኘት፣ "ራን ኦቨር" በመኪና መግጨት። አንድ ሰኞ ለሥራ ባልደረባዬ፣ ቅዳሜ የድሮ ጓደኛዬን ድንገት እንዳገኘሁት ልነግራት ፈልጌ "ራን ኦቨር" አልኳት። እየሳቅኩ። ፊቷ አመድ መሰለ።

"ተረፈ?" አለችኝ።

"በጣም ደህና ነው፤ ቡና ጋበዘኝ።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ቃሉን ብቻውን ጽፌ አላውቅም። ጭራውንም፣ ማን ለማን እንዳለውም አብሬ እጽፋለሁ።

ይህችው ልጅ ቆይታ አማርኛ መማር ጀመረች። "ያዘ ምን ማለት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። በእጅ ጨብጦ አሳየኋትና ቀላል ነው አልኳት። ከዚያ ትዝ ይለኝ ጀመር። ጉንፋን ያዘኝ። ታክሲ ያዝኩ። ፖሊስ ያዘው። ሥራ ያዘች። ዝናብ ያዘን። ቂም ያዘ። ቦታ ያዝልኝ። ጣቴን እያጠፍኩ አሥራ አንድ ላይ ስደርስ መኪና መጣ።