ሲጥ የሚል ፍሬን

ዛሬ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የመኪናዬን የፊት ጎማዎች አስፈታሁ። ሰሞኑን ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ሲጥ ትል ነበር። ክረምት ነውና የዝናብ ነገር ነው ብሎ መተው ይቻላል፤ ሌሊቱን ዝናብ ሲመታው ያደረ ዲስክ (ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ የፍሬን ብረት) ስስ ዝገት ያበጅና ጠዋት ይጮኻል፤ ጥቂት ጊዜ ፍሬን ሲያዝ ዝገቱ ተፍቆ ዝም ይላል። የእኔዋ ግን እኩለ ቀን ላይም አልተወችም።

የሰፈር ሰው ምክር አያልቅበትም። አንዱ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጊው አለኝ፤ ሌላው ሸራውን፣ ማለትም ፍሬን ሲያዝ ዲስኩን ጨምቆ የሚያቆመውን ክፍል፣ ግራሶ ቅቢው። ይህኛው አናደደኝ። ፊቱን ግራሶ የነካው ሸራ ይንሸራተታል እንጂ አይይዝም። እኔ ደግሞ ዘወትር ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የምወርድ ሰው ነኝ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ እየተጠማዘዘ የሚወርድ መንገድ ነው፤ በማርሽ ይዘውት እንኳን ፍሬኑ ይግላል። ዳር ዳሩን ማገዶ የተሸከሙ እናቶች ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ፤ ከኋላቸው የሚመጣውን መኪና ዞረው ማየት አይችሉም። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ጩኸቱን አፍኖ መንዳት በሰው ነፍስ መጫወት ነው።

መካኒኩ ፀጉራቸው የሸበተ አባት ናቸው። የቀኙን ሸራ አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩልኝና «ይህችን እያት ልጄ» አሉኝ። ጠርዙ ላይ እንደ ጥፍር የታጠፈች ቀጭን ላሜራ አለች፤ ጫፏ ዲስኩን ስትፍቅ ከርማ ታበራለች። ሸራው አልቆ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ሲቀረው ዲስኩን እየነካች እንድትጮኽ ሆን ተብሎ የተሠራች ናት። ይህችን ጩኸት ችላ ያለ ሰው ቀጥሎ የሚሰማው ብረት ብረትን ሲፈጭ ነው፤ ያን ጊዜ ዲስኩም አብሮ ይበላሻል።

የግራው ሌላ ጉድ ነበረበት። የውስጠኛው ሸራ ተበልቶ የውጪው ግማሹ እንኳን አላለቀም። ሸራዎቹን አቅፎ ዲስኩ ላይ የሚጫናቸው ካሊፐር ወዲያ ወዲህ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ግራሶው ደርቆባቸው ተጣብቀው ኖሯል። ግራሶ የሚገባው እዚህ ነው፤ ሙቀት የሚችለው ዓይነት፣ በፒኖቹ ላይና በስሱ በሸራው ጀርባ።

ደስ ያለኝ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረጋቸው ነው። በኮምፕሬሰር ሲነፋ ብዙ ጊዜ አያለሁ፤ የሚነፉት ደግሞ ሥራ የሚለማመዱ ልጆች ናቸው። በአሮጌ ሸራዎች ውስጥ ሳንባ የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ የሚላቸው እንኳን አለማግኘታቸው ያሳዝነኛል።

ሸራው በሁለቱም ጎማ ተቀየረ፤ በአንድ ወገን ብቻ ከተቀየረ መኪናዋ ፍሬን ሲያዝ ወደ ጎን ልትጎትት ትችላለች። ከዚያ ጭር ወዳለ መንገድ ወጥቼ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቀስ እያልኩ እየያዝኩ፣ መሃል መሃል ላይ ሳልይዝ እየነዳሁ እያቀዘቀዝኩ፣ ሸራውን ከዲስኩ ጋር አለማመድኩት። አልጮኸም። የፍሬን ዘይቱ ግን ጠቁሯል፤ እርጥበት የጠጣ ዘይት ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላል፣ ፔዳሉም ሲረገጥ ባዶ ይሆናል። እሱን ሰኞ አስቀይራለሁ።