ሳተላይት ያልነበረበት ምት

የጂፒኤስ መቀበያ አንድም ሳተላይት ሳያይ በየሰከንዱ ምት፣ ማለትም አጭር የኤሌክትሪክ ምልክት፣ ሊሰጥ ይችላል። ይህን በጊዜው የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ የአሥራ አንድ ደንበኞችን መሣሪያ በገዛ እጄ ከልክ ባላወጣሁ ነበር።

ሥራዬ አዲስ አበባ ውስጥ የመለኪያና የሬዲዮ መገናኛ መሣሪያዎችን መጠገንና ማስተካከል ነው። የፍሪኩዌንሲ መቁጠሪያን፣ ማለትም ሞገድ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ የሚቆጥረውን መሣሪያ፣ የሚያስተካክል ሰው ከመቁጠሪያው የተሻለ ማመሳከሪያ ያስፈልገዋል። የሲዚየም የአቶም ሰዓት ለመግዛት አቅም የለኝም። በ20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚዞሩት የጂፒኤስ ሳተላይቶች ግን የአቶም ሰዓት ተሸክመው ጊዜያቸውን ለሁሉም በነጻ ይሰጣሉ። በ2014 ዓ.ም. የካቲት ላይ ማመሳከሪያዬን ራሴ ለመሥራት ቆርጬ ተነሣሁ።

ሥራው ራሱ ከባድ አልነበረም። በውስጡ ማሞቂያ ያለው ያገለገለ የ10 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ኦሲሌተር (በሰከንድ አሥር ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ) ገዛሁ፤ እስኪረጋም አንድ ሳምንት ሳላጠፋው አቆየሁት። ማይክሮኮንትሮለሩ፣ ማለትም ትንሿ የመቆጣጠሪያ ኮምፒውተር፣ የመቀበያውን ምት ከኦሲሌተሩ ዑደት ጋር ያነጻጽራል፤ ኦሲሌተሩ ከፈጠነ የመቆጣጠሪያውን ቮልቴጅ ዝቅ፣ ከዘገየ ከፍ ያደርገዋል። አንቴናው ግን «የሳተላይት መገናኛ ነው» ተብሎ በአንድ መሥሪያ ቤት ሰባት ሳምንት ታግዷል። መቀበል እንጂ መላክ እንደማይችል ለማስረዳት አምስት ጊዜ ተመላለስሁ፤ በስድስተኛው ያለ አንዳች ማብራሪያ አስረከቡኝ። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

ኦሲሌተሩ ምቱን በምን ያህል ፍጥነት ይከተል የሚለው ጥያቄ ሁለት ሳምንት ወሰደብኝ። የ10 ሜጋኸርዝ አንድ ዑደት 100 ናኖሰከንድ ነው፤ የርካሽ መቀበያ ምት ደግሞ ከሰከንድ ወደ ሰከንድ በአሥር ናኖሰከንዶች ወዲያና ወዲህ ይላል። በአጭር ጊዜ ክሪስታሉ ከምቱ ይልቅ የተረጋጋ ነው፤ በረጅም ጊዜ ግን ክሪስታሉ ያረጃል፣ ምቱ ይበልጣል። በአንድ ሰከንድ ቆጠራ ከአሥር ሚሊዮን አንዱን ስሕተት ብቻ መለየት ይቻላል፤ በ1000 ሰከንድ ከአሥር ቢሊዮን አንዱን። ያገኘሁት መመሪያ ኦሲሌተሩ ምቱን የሚከተልበትን ጊዜ 100 ሰከንድ ይል ነበር። እኔ 600 አደረግሁት፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ክሪስታል 100 ሰከንድ መጣደፍ ነው። ረጋ ያለውን ክሪስታል የምቱን መንቀጥቀጥ እንዲያስተጋባ ማስገደድ ነውና።

ሰኔ ላይ ሥራ ጀመርሁ። አረንጓዴዋ መብራት ስትበራ የተሰማኝን ኩራት አልረሳውም።

ሐምሌ ገባ። አንቴናውን ጣሪያው ላይ ሰቅዬ ማገናኛውን በተራ የኤሌክትሪክ ፕላስተር ጠቅልዬው ነበር። ዝናቡ በፕላስተሩ ሥር ገባ። በዚያው ኬብል ለአንቴናው የሚሄደው 5 ቮልት ከውኃው ጋር ተዳምሮ የመሐሉን መርፌ በላው። መቀበያው ታወረ። ምቱ ግን አልቆመም፤ መቀበያው በራሱ ትንሽ ክሪስታል እየቆጠረ መስጠቱን ቀጠለ። እኔ መብራቷን የሠራኋት «ምት እየመጣ ነው፣ ልዩነቱም ትንሽ ነው» ብላ እንድትበራ ነው። ሁለቱም እውነት ነበሩ! ልዩነቱ ትንሽ የሆነው ደኅናው ክሪስታል መጥፎውን በታማኝነት ስለተከተለ ነው። ድንገት ቢዘል ኖሮ እነቃ ነበር፤ የተንሸራተተው ግን ከክፍሉ ሙቀት ጋር፣ ቀስ እያለ፣ 19 ቀን ሙሉ ነው።

በእነዚያ ቀናት አሥራ አንድ መሣሪያ አስተካክዬ፣ ፈርሜ፣ ተለጣፊ ለጥፌ አስረከብሁ።

በዕድሜ የገፉ አንድ የሬዲዮ ባለሙያ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተመለሱ። በ450 ሜጋኸርዝ ላይ ከሌሎቹ ሁለት መቁጠሪያዎቻቸው በ180 ኸርዝ ገደማ ይለያል አሉኝ።

«ጋሼ፣ የእኔ ማመሳከሪያ ከሳተላይት ነው የሚመጣው፤ ሁለቱን ያምጧቸውና ላስተካክልልዎ» አልኋቸው።

«ልጄ፣ ሁለቱ ተስማምተው አንዱ ብቻ ሲለይ አንተ የትኛውን ትጠራጠራለህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ይሁን እንጂ በዚያ ቀን አላመንኋቸውም። እንደ ተሳሳተ ሰው ሸኘኋቸው። ከሁሉም የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ማታ እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ተነሥቼ የቮልቴጁን መዝገብ ከፈትሁ። መዝገቡ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበረ፤ ያላየሁት እኔ ነኝ። ሰኔን በሙሉ 2.1 ቮልት ላይ የቆመው መስመር ከሐምሌ 4 ጀምሮ ሽቅብ እየወጣ 3.7 ደርሷል። በእኔ ኦሲሌተር ይህ ከሚሊዮን 0.4 ማለት ነው፤ በ10 ሜጋኸርዝ ላይ 4 ኸርዝ። 450 ላይ ሲሰላ ልክ ጋሼ ያሉት 180 ኸርዝ ነው። ሲነጋ በዝናብ ጣሪያው ላይ ወጥቼ ማገናኛውን ብፈታው መርፌው አረንጓዴ ዝገት ለብሶ በእጄ ላይ ተሰበረ።

ለሻጩ ስጽፍለት «ምቱ ከወጣ መቀበያው ጤነኛ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ይህ ሐሰት ነው። ሳተላይት ሲጠፋ ምቱ እንዲቆም የሚያደርገው ቅንብር በመመሪያው የመጨረሻ ሠንጠረዦች ውስጥ ተቀብሮ አገኘሁት፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ግን ተዘግቶ ነው። እንዲህ ያለው ነገር በመጀመሪያው ገጽ በደማቅ ፊደል መጻፍ ነበረበት።

አሁን ማይክሮኮንትሮለሩ ከምቱ ጋር የመቀበያውን መልእክትም ያነባል። ሳተላይት ከጎደለ ቮልቴጁን ባለበት ያቆየዋል፤ ክሪስታሉ ብቻውን ለሰዓታት በደኅና ይሄዳል። የአንቴናው ቦታ በትክክል ከታወቀ ለጊዜ አንድ ሳተላይት ይበቃል ይባላል፤ እኔ ግን ከአራት በታች አልቀበልም። ቮልቴጁ በቀን ከ5 ሚሊቮልት በላይ ከተንቀሳቀሰ ደወል ይጮኻል። ማገናኛውን ደግሞ እርስ በርሱ በሚዋሐድ የጎማ ፕላስተር ጠቅልሉት፤ ተራውን ለጣሪያ አትጠቀሙበት።

ዝናብ የማይደርስበት አንቴና ያለው ሰውም ይህን አይናቀው። የመግነጢሳዊው ምድር ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ፣ በተለይ በመጋቢትና በመስከረም ገደማ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አይኖስፌሩ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የተሞላው የላይኛው የከባቢ አየር ክፍል፣ ይታወክና መቀበያው በጠራ ሰማይ ሥር ሳተላይቶችን ሊስት ይችላል። የእኔ መዝገብ ከምሽቱ ሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ይታያል።

ማመሳከሪያ በዓመት አንድ ጊዜ ይፈተሽ የሚለውን ልማድ አልቀበልም። እኔን ለማጥፋት 19 ቀን በቅቷል። ከፈረሰ የስልክ ጣቢያ የወጣ አሮጌ የሩቢዲየም ኦሲሌተር (በአቶም የሚሠራ) ገዝቼ ከጂፒኤስ ጋር ሳላገናኘው አስቀምጫለሁ፤ በየማለዳው ሁለቱን ሳላነጻጽር የደንበኛ መሣሪያ አልነካም።

ጋሼ ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ቡና አፍልተው ተቀበሉኝ። ከአሥራ አንዱ መሣሪያዎች አሥሩን ሰብስቤ ያለ ክፍያ አስተካከልሁ። አሥራ አንደኛውን ባለቤቱ ሸጦት ነበር፤ ገዢውን እስካሁን አላገኘሁትም። የሆነ ቦታ፣ ትክክለኛ 10 ሜጋኸርዝ ሲሰጡት እስከ 4 ኸርዝ አጉድሎ የሚያነብ፣ ፊርማዬ የተለጠፈበት መቁጠሪያ አለ።