120 ጊጋባይቱ ተረፈ፣ ፈረሴ ግን ጠፋ

ኮምፒውተሬን ፎርማት አድርጌ (ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፍቼ) ዊንዶውስ እንደ አዲስ ስጭን ይህ ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ፣ ለሁለት ቀን ከሰው ጋር አልተነጋገርኩም። በሁለተኛው ላብ በላብ ሆኜ ተረፍኩ። ባለፈው ሳምንት ግን ሁሉም ነገር እንዳለ ተገኘ፤ እስከዚያ ድረስ የሳትኩትን ሁሉ ጭምር ልጻፍላችሁ።

ጨዋታው ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 ነው። እኔ ዲስክ ላይ 120 ጊጋባይት ገደማ ይዟል። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ባለው ቤታችን ኢንተርኔቱ ደህና በሆነ ሌሊት በሴኮንድ 4 ሜጋቢት ያወርዳል። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ፤ ሳይቋረጥ ቢሄድ 66 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጃል። «ሳይቋረጥ» የሚለውን ቃል የባሕር ዳር ልጅ እንዴት እየሳቀ እንደሚያነበው አውቃለሁ። ስለዚህ «ምን ቸገረህ፣ ደግመህ አውርደው» የሚለኝ ሰው እኔን አያውቀኝም።

የመጀመሪያው ጊዜ እንዲህ ነበር። ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍብኝ ወደ ጥገና ከመውሰዴ በፊት የጨዋታውን ፎልደር በሙሉ ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ገለበጥኩ። መጀመሪያ ከጓደኛዬ በተዋስኩት ትልቅ ፍላሽ ሞክሬ ነበር፤ ትልልቆቹ ፋይሎች ላይ ሲደርስ አልቀበልም አለ። ቦታ ሞልቶ አይደለም። ፍላሹ የተሰናዳው ፋት 32 በሚባለው የፋይል አቀማመጥ ሥርዓት ነው፤ ፋት 32 ደግሞ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት በላይ ከሆነ አይወስድም። ፍላሹን በኤክስፋት ወይም በኤንቲኤፍኤስ ማሰናዳት ነበረብኝ። ውጫዊው ዲስክ ኤንቲኤፍኤስ ስለነበር በእሱ አለፍኩ።

ኮምፒውተሩ ከጥገና ሲመለስ ፎልደሩን ቦታው ላይ መለስኩ፣ ጨዋታው ተከፈተ፣ ተደሰትኩ። ከዚያ በረዶ የሞላው ተራራ መጣ። የተጫወተ ያውቀዋል፤ በረዶው የጨዋታው መጀመሪያ ነው። እኔ ምዕራፍ አራት ላይ ነበርኩ። ሰባት ወር የተንከባከብኩት ፈረስ የለም።

120 ጊጋባይቱን አድኜ የረሳሁት ጥቂት ሜጋባይት ነው። የጨዋታው ሂደት የሚቀመጠው ከጨዋታው ጋር ሳይሆን ዶክዩመንትስ ውስጥ፣ ሮክስታር ጌምስ በሚለው ፎልደር፣ ፕሮፋይልስ ሥር ኖሯል። ሌሎች ጨዋታዎች ሌላ ቦታ ይደብቁታል፦ አንዳንዱ ማይ ጌምስ ውስጥ፣ አንዳንዱ ሴቭድ ጌምስ ውስጥ፣ አንዳንዱ በተለምዶ ከማይታየው አፕዳታ ውስጥ፣ አንዳንዱም ስቲም (ጨዋታ የሚገዛበትና የሚጫንበት ፕሮግራም) ፎልደር ውስጥ ባለው ዩዘርዳታ። ኢንተርኔት ላይ ቅጂ ይኖራል ብዬ ሳልመረምር ማመኔ የራሴ ጥፋት ነው። አሁን ፎርማት ከማድረጌ በፊት ዶክዩመንትስንና አፕዳታን በሙሉ እገለብጣለሁ፤ መምረጥ ትቻለሁ።

ሁለተኛው ጊዜ ሴቩን (የተቀመጠውን የጨዋታ ሂደት) ይዤ ሌላ ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ። ታናሽ ወንድሜ ዲስኩን ስለሚነካካ የጨዋታውን ፎልደር ስም ቀይሬ «አትንኩ» ብዬው ነበር። ዊንዶውስ ተጭኖ ፎልደሩን መልሼ ስቲምን ስከፍት ጨዋታው እንዳልተጫነ ያሳያል። ጫን አልኩት፤ ከዜሮ ማውረድ ጀመረ። እናቴ ለቡና ስትጠራኝ «ልጄ፣ ፊትህ ምን ሆነ?» አለችኝ።

ነገሩ ቀላል ነበር። ስቲም ጨዋታውን የሚፈልገው ስቲምአፕስ ውስጥ ባለው ኮመን በሚባል ፎልደር፣ በራሱ ስም ነው። ማውረዱን አቁሜ፣ የጀመረውን አጥፍቼ፣ የድሮውን ስም መልሼ እንደገና ጫን ስለው ማውረዱን ትቶ በዲስኩ ያሉትን ፋይሎች መቁጠር ያዘ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን ከሥሩ ለማየት የተቀመጥኩት። ስቲምአፕስ ውስጥ፣ ከኮመን ጎን፣ ስማቸው አፕማኒፌስት ብሎ የሚጀምርና በቁጥር የሚጨርስ ትናንሽ ፋይሎች አሉ። የእኔው ቁጥር 1174180 ነው። በኖትፓድ ከፈትኩት፤ ተራ ጽሑፍ ነው። የጨዋታው ስም፣ የፎልደሩ ስም፣ መጠኑ፣ እና ስቴትፍላግስ የሚል መስመር ላይ 4 የምትል አንዲት ቁጥር። 4 ማለት ተጭኖ ያለቀ ማለት ነው። ስቲም ጨዋታው አለ ወይም የለም የሚለው ይህችን ወረቀት አይቶ ነው፤ ከጨዋታው ፎልደር ጋር አብራ ከተመለሰች ጫን ማለት እንኳ አያስፈልግም።

ሦስተኛው እነሆ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ስላበቃ ወደ 11 መሄድ ነበረብኝ። በዚህ ጊዜ ከመገልበጥ ይልቅ መለየት ፈለግሁ። ዲስክ ማኔጅመንት በሚባለው የዊንዶውስ መሣሪያ ሲ የሚባለውን የዲስክ ክፍል አሳንሼ ዲ የሚባል ሌላ ክፍል ፈጠርኩ፣ ከዚያ ስቲም ራሱ ባለው የማዛወሪያ ትእዛዝ ጨዋታውን ወደ ዲ አሻገርኩ፤ አፕማኒፌስቱን አብሮ ይወስደዋል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ዊንዶውስ ሲጫን የሚያሳያችሁ ዝርዝር ውስጥ ሲና ዲ የሚባሉ ፊደላት የሉም፤ ክፍሎቹን ፓርቲሽን 1፣ 2፣ 3 እያለ ከነመጠናቸው ይደረድራል፤ ስም ካላወጣችሁላቸው መለያቸው ይኸው ነው። እጅ የሚስተው እዚያ ነው። ስለዚህ አስቀድሜ ሲን «አባይ»፣ ዲን «ጣና» ብዬ በላቲን ፊደል ሰየምኳቸው። አባይ ይሄዳል፣ ጣና ይቀራል። ዝርዝሩ ሲመጣ ስሞቹ ከጎን ተጽፈው ነበር፤ አባይን ፎርማት አደረግሁ፣ ጣናን አልነካሁም።

ላፕቶፕ ያላችሁ ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) በርቶ እንደሆነ አስቀድማችሁ እዩ። ከበራ ዲ በኋላ ላይ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ይጠይቃችኋል፤ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፉት።

ለማንኛውም ብዬ ሙሉ ቅጂም ወደ ውጫዊው ዲስክ ወስጄ ነበር። መሃል ላይ መብራት ጠፋ። ሮቦኮፒ በሚባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ እየገለበጥኩ ስለነበር መብራቱ ሲመጣ ያንኑ ትእዛዝ ደገምኩት፤ ያለቁትን ፋይሎች ዘልሎ የተቋረጠው ላይ ቀጠለ። ገመዱን ሰማያዊው ቀዳዳ ላይ መሰካትም አይረሳ፤ ብዙ ጊዜ ዩኤስቢ 3 እሱ ነው። በድሮው ቀዳዳ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚፈጀው በሱ ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

በአዲሱ ዊንዶውስ ስቲምን ጫንኩ፣ ዲ ላይ ያለውን ላይብረሪ (የጨዋታዎች ማከማቻ ፎልደር) አሳየሁት፣ ጨዋታው ተጭኗል አለ። የፋይሎቹን ትክክለኛነት አጣራ ብዬው ወደ ሐይቁ ዳር ወጣሁ። ዓሣ ጥብስ በልቼ ስመለስ ጨርሶ ነበር፤ የጎደለ የለም። ሴቩን ቦታው መልሼ ገባሁ። ፈረሱ አለ። አዲሱን ማለቴ ነው።

የቀረኝ የወንድሜ ጨዋታ ነው፤ እሱ ኤፒክ በሚባለው ሌላ የጨዋታ መደብር ላይ ነው። እዚያ መንገዱ ይለያል፦ ማውረድ ይጀመራል፣ ጥቂት እንደሄደ ይቆማል፣ የድሮው ፎልደር በላዩ ይገለበጣል፣ ከዚያ ይቀጥላል፤ ያሉትን አጣርቶ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። ቅዳሜ እንሠራዋለን። የፎልደሩን ስም እንዳይነካ ነግሬዋለሁ።