ለቡሬ ማር የሚሆን ድረ-ገጽ የቱ ላይ ይሠራ?

ሰላም ወገኖች። ቡሬ ላይ ማር ለምትሸጠው አክስቴ ድረ-ገጽ መሥራት ከያዝሁ ሰነባብቻለሁ። ድረ-ገጽ መሥሪያ የሆኑትን ሾፒፋይን፣ ዊክስንና ዎርድፕረስን በየተራ ሞክሬያቸዋለሁ። እስካሁን የገባኝን ላካፍላችሁ፦ መጀመሪያ መታየት ያለበት ክፍያው ነው። መልኩ ከዚያ በኋላ ይደረስበታል።

ሾፒፋይ ለሱቅ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ሁሉም ነገር ተሰናድቶ ይጠብቃል። ግን ወርሃዊ ክፍያው በዶላር ነው። የራሱ የክፍያ አገልግሎት ለኢትዮጵያ ነጋዴ አይሠራም፤ ስትራይፕ የሚባለው የኦንላይን ክፍያ አገልግሎትም እንደዚያው። የእኛ ደንበኛ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ቁጭ ብሎ በቴሌብር ነው የሚከፍለው። ስለዚህ ሾፒፋይን ተውሁት።

ዊክስ በመጎተትና በማስቀመጥ ብቻ ያማረ ገጽ ያወጣል። ሜኑና ስልክ ቁጥር ለማሳየት ለሚፈልግ ካፌ በቂ ነው። ችግሩ የሠሩትን እንዳለ ነቅሎ ወደ ሌላ ሰርቨር መውሰድ አይቻልም። ንግዱ ሲያድግ እንደገና ከዜሮ መጀመር ይመጣል፤ እኔ ይሄን አልወድም።

ዎርድፕረስ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ በነጻ የሚወርድ ሶፍትዌር ነው። ነጻ ቢባልም ሆስቲንግ (ገጹ የሚቀመጥበት ሰርቨር) እና ዶሜይን (የገጹ ስም) ይከፈልባቸዋል፤ ማዘመኑና ጥበቃውም የራስ ሥራ ነው። ግን ዉኮሜርስ የሚባለው ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) ሲጫንበት ሱቅ ይሆናል፤ የአገር ውስጥ የክፍያ አገልግሎት የሆነው የቻፓ ፕለጊን ሲጨመር ደግሞ በብር መቀበል ይቻላል። እኔን ያሸነፈኝ ይሄ ነው።

አክስቴን ስጠይቃት የመለሰችልኝ አንድ ነገር ነው፦ «ልጄ፣ ዋጋውን እኔው በስልኬ መቀየር ካልቻልሁ ምን ይረባኛል?» እውነቷን ነው። ጥቅምት ላይ አዲስ ማር ሲገባ ዋጋው ይለዋወጣል፤ በየጊዜው ለእኔ ልትደውል አይደለም። የዉኮሜርስን የስልክ አፕ ጫንሁላት። ዕቃውን ትነካለች፣ ዋጋውን ትጽፋለች፣ ታስቀምጣለች፤ አለቀ። ከዚህ ወዲያ ዲዛይን ቢያምርም ባያምርም ግድ የላትም።

በአማርኛ ለምትሠሩ አንድ ነገር ልጨምር። የገጹን ርዕስ በአማርኛ ስትጽፉ ዎርድፕረስ አድራሻውንም ከዚያው ያወጣዋል። ሊንኩ ኮፒ ሲደረግ ግን ብዙውን ጊዜ አንዱ የግዕዝ ፊደል ወደ ዘጠኝ ምልክት ይቀየራል። «ማር» የምትለው ሁለት ፊደል ብቻዋን አሥራ ስምንት ምልክት ትሆናለች። ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ማን ይነካዋል? ገጹን ከማውጣታችሁ በፊት አድራሻውን በአጭር የላቲን ፊደል ቀይሩት። ለጽሑፉ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት ተጠቀሙ፤ ነጻ ነው፣ ትንሽ ስክሪን ላይም ጥርት ብሎ ይነበባል።

አሁን የያዝሁት ፎቶ ማሳነስ ነው። በስልክ የተነሳው የማር ፎቶ ብዙ ሜጋባይት ስለሚሆን ኮኔክሽኑ ሲንቀራፈፍ ገጹ አይከፈትም። ዌብፒ ወደሚባለው ቀለል ያለ የፎቶ ፎርማት እየቀየርሁ ነው። ባክአፕ (የገጹን መጠባበቂያ ቅጂ ማስቀመጥ) ገና አልነካሁም፤ በነጻ የሚሠራ ጥሩ ፕለጊን የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።