ከንቲባ አለ፣ ነዋሪ የለም

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ትልቅ ውጊያ ወደተካሄደባት የፈረንሳይ ከተማ፣ ቨርደን፣ የሄድኩት የጦርነት ታሪክ ስለምወድ አይደለም። የሕዝብ ቁጥሩ ዜሮ ሆኖ እስከ ዛሬ ከንቲባ ያለው መንደር አለ ሲሉኝ አላምንም ብዬ ነው።

ከፓሪስ በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ግን ጣቢያው ያለው ሜዳ ላይ ነው፤ ከተማው ለመግባት ደግሞ አውቶቡስ አለ። ማታ ሆቴል ስደርስ ወጥ ቤቱ ተዘግቷል። ልጁ "ነገ ጠዋት" አለኝ ፈገግ ብሎ። ያበገነኝ ፈገግታው ነው። የክፍሉ ማሞቂያ ሌሊቱን ሙሉ ሲያንኳኳ አደረ። ጠዋት ለዳቦ፣ ለቅቤና ለቀጠነ ቡና 14 ዩሮ ከፈልኩ። ከዚያ ታክሲ። የታክሲውን ዋጋ አልጽፍም፤ እናቴ ይህን ታነባለች።

መንደሩ ፍለሪ-ደቫን-ዱዎሞን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1913 መንደሩ 422 ነዋሪዎች ነበሩት። በእርሻና በእንጨት ሥራ የሚኖሩ ሰዎች። የካቲት 1916 የጀርመን መድፍ ሲጀምር ያለውን ጥሎ የወጣው ሕዝብ ተመልሶ አልገባም። በዚያው ዓመት ከሰኔ እስከ ነሐሴ የፈረንሳይና የጀርመን ጦሮች መንደሩን 16 ጊዜ ተቀማምተውታል። መጨረሻ ላይ የሚቀሙት ድንጋይ እንኳ አልነበረም። ሌላው የፈረንሳይ ገጠር ሰው ያጣው ቀስ በቀስ ነው፤ ወጣቱ ፋብሪካ ፍለጋ ወደ ከተማ ሄደ፣ ሽማግሌው ቀረ። ፍለሪ እንዲህ ያለ ዕድሜ አላገኘም።

አሁን ጫካ ነው። ከጦርነቱ በኋላ መሬቱ ቀይ ቀጠና ተብሎ ተከለለ፣ ዛፍ ተተከለበት። ከዛፎቹ ሥር መሬቱ ሁሉ ጉድጓድ ነው፤ በሣር የተሸፈነ የመድፍ ጉድጓድ። በመሃሉ ቀጭን መንገድ አለ፤ ትምህርት ቤቱ፣ የአንጥረኛው ቤት፣ ማዘጋጃ ቤቱ የት የት እንደነበሩ ትንንሽ ምልክቶች ያሳያሉ። ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ረጅም ሰዓት ቆምኩ። እኛ ሰፈር ነዋሪው ሞልቶ ሊቀመንበሩ አይገኝም። እዚህ ሹሙ አለ፣ ባለጉዳይ የለም።

ቨርደን ዙሪያ ነዋሪ የሌላቸው እንዲህ ያሉ ስድስት መንደሮች አሉ። መንግሥት "ለፈረንሳይ የሞተ" የሚል ማዕረግ ሰጥቷቸው ከካርታው ሳይሰርዛቸው ቀረ። መራጭ ስለሌለ ከንቲባውን የሚሾመው የመንግሥት ተጠሪው ነው። በሕዝብ ቆጠራ ሰንጠረዥ ላይ ስማቸው አለ፤ ከጎኑ 0። የፈረንሳይ ቢሮክራሲ የመኖሪያ ፈቃዴን ሳሳድስ ስንት ቀን አንገብግቦኛል፤ ለዚህች ዜሮ ግን ይቅር አልኩት።

ውሻቸውን የሚያናፍሱ አንዲት አሮጊት አገኘሁ። ከመንገዱ እንዳልወጣ አስጠነቀቁኝ፤ ያልፈነዳ ጥይት ዛሬም አለ። ስመለስ ታክሲ እንደምጠራ ስነግራቸው "እብድ ነህ?" ብለው መኪናቸውን ከፈቱልኝ። ውሻው ከኋላ አንገቴ ላይ እየተነፈሰ ከተማ ደረስን። የቤንዚን ልክፈል ብል ተቆጡ። ከተማው የሚታወቀው በስኳር በተለበጠ አልሞንድ ነው፤ ከሱቅ አንድ ሳጥን ገዝቼ ሰጠኋቸው። "ለጥርሴ አይሆንም" አሉ። ሳጥኑን ግን አልመለሱም።