ዕጣ የጣለው ትጥቅና በሥራ የመጣው ትጥቅ፦ ከአይረንማን አጨዋወት የተማርኩት

በኢንተርኔት በሚጫወቱ የአርፒጂ ጌሞች (የራስን ገጸ ባሕርይ እያሳደጉ በሚጫወቷቸው) ውስጥ ጥሩ ትጥቅ የሚገኘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው አንድን ፍጡር ደጋግሞ በመግደል ብርቅ ዕቃ እስኪወድቅ መጠበቅ ሲሆን፣ ተጫዋቾች ይህን ድሮፕ ይሉታል። ሁለተኛው ደግሞ የታወቀ ሥራ ሠርቶ፣ ነጥብ አጠራቅሞ ወይም ከባድ ፈተና አልፎ የተቆረጠለትን ዋጋ በመክፈል መውሰድ ነው። የሁለቱ ልዩነት በደንብ የገባኝ ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ ላይ አይረንማን የሚባለውን የአካውንት ዓይነት ከከፈትኩ በኋላ ነው።

ጃጌክስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕን የለቀቀው በ2013 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ መነሻው በ2007 የነበረው የጨዋታው ቅጂ ነው። አይረንማን የተጨመረው በ2014 ነው። አይረንማን የመረጠ ሰው ከሌላ ተጫዋች ጋር መገበያየት ስለማይችል የሚለብሰውንም የሚይዘውንም ራሱ ማምጣት አለበት። በመደበኛ አካውንት ግን ግራንድ ኤክስቼንጅ የሚባል ገበያ አለ፤ አንዱ ዕድል የጣለለትን ይሸጣል፣ ሌላው ዓሣ አጥምዶ ወይም እንጨት ቆርጦ ባጠራቀመው ሳንቲም ይገዛል። ለገዢው ያ ብርቅ ዕቃ ዕጣ መሆኑ ቀርቶ የታወቀ ዋጋ ያለው ሸቀጥ ይሆናል፤ ስንት ቀን ቢሠራ እንደሚደርስበት አስልቶ መነሣት ይችላል ማለት ነው። ገበያ ባለበት ጌም ሰዎች ስለ ድሮፕ የሚያሰሙት ቅሬታ ለዘብ የሚለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። በእርግጥ ገበያውም ከልኩ ሲያልፍ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ዲያብሎ 3 የተባለው ጌም በ2012 ዕቃ በእውነተኛ ገንዘብ ጭምር የሚሸጥበት የጨረታ ቤት ይዞ ወጥቶ ነበር፤ ተጫዋቹ ጭራቅ ከማደን ይልቅ ዋጋ ሲያወዳድር መዋሉ ስለታየ ሠሪው ኩባንያ ብሊዛርድ በመጋቢት 2014 እ.ኤ.አ. ዘጋው።

አይረንማን ላይ ገበያው ስለማይሠራ መጀመሪያ ያደረግኩት ትጥቆቹን በዋጋቸው እርግጠኝነት መለየት ነው። ሥራው ካለቀ በእርግጠኝነት የሚገኙትን አስቀደምኩ፤ በዕጣ የሚመጡትን ወደ ኋላ አደረግኩ። ይህ ቅደም ተከተል በኃይል ሲመዘን ሁልጊዜ የተሻለው አይደለም፤ አንዳንዱ ድሮፕ ቀድሞ ቢገኝ ቀሪውን ሥራ ሁሉ ያቀል ነበር። ነገር ግን ማታ ከሥራ በኋላ በስልክ ለሚጫወት ሰው ዛሬ የሠራው ለነገ መቆጠሩ ከፍጥነቱ ይበልጥበታል።

ከእርግጠኞቹ ሁሉ ግንባር ቀደሙ ባሮውስ ግላቭስ የሚባለው ጓንት ነው። የሚገኘው ሬሲፒ ፎር ዲዛስተር በተባለው ረጅም ተልዕኮ ሲሆን፣ ተልዕኮው በክፍል በክፍል የተከፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ሲያልቅ ከአንድ ሳጥን የሚገዛው ጓንት አንድ ደረጃ ያድጋል። የመጨረሻውን ክፍል ለመጀመር 175 የተልዕኮ ነጥብ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ጓንቱን ፈልጎ የተነሣ ሰው ሳያስበው ግማሹን የጨዋታውን ዓለም ዞሮ ያያል። ሁሉ ካለቀ በኋላ ጓንቱ በ130,000 ሳንቲም ይገዛል፤ ዕጣ የሚባል ነገር በመንገዱ የለም። ለእኔ ይህ ጥሩ የትጥቅ አሰጣጥ ምሳሌ ነው፤ ምክንያቱም ሥራው ራሱ የተለያየ ነው፦ አንድ ቀን በረሃ ውስጥ፣ አንድ ቀን ከዝንጀሮዎች ጋር፣ አንድ ቀን ምጣድ ዙሪያ።

ቀጥሎ የሄድኩት ፋየር ኬፕ ወደሚባለው የእሳት ካባ ነው። ካባው የሚሰጠው በዋሻ ውስጥ 63 ዙር ተዋግቶ መጨረሻ ላይ ቲዝቶክ ጃድ የሚባለውን ቦስ (ዋና ጭራቅ) ለጣለ ሰው ብቻ ነው። የፊተኞቹ ዙሮች ትዕግሥት እንጂ ችሎታ አይጠይቁም፤ ሁሉም ነገር የሚወሰነው ጃድ ሲመጣ ነው። አንድ ምቱ እስከ 97 ድረስ ይጎዳል፤ የተጫዋቹ ሕይወት ደግሞ ያለ ማጠናከሪያ ቢበዛ 99 ነው። የፊት እግሮቹን አንሥቶ መሬት ላይ ካሳረፈ ድንጋይ ከላይ ሊወርድ ነው፤ ወደ ኋላ ተነሥቶ የፊት እግሮቹ ከተንጠለጠሉ እሳት ሊተፋ ነው። በዚያች ቅጽበት ያንን ምት የሚከላከለውን ትክክለኛ የጸሎት ምልክት መንካት ያስፈልጋል፤ ከ4.8 ሰከንድ በኋላ ደግሞ እንደገና። ግማሽ ሕይወቱ ሲያልቅ ፈዋሾች ይመጡለታል፤ እነሱን ወደ ራስ እየሳቡ ዓይንን ከእግሮቹ አለማንሣት ነው ሥራው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። በችሎታ የሚገኝ ትጥቅ ለሁሉም እኩል ነው ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። ጨዋታው በየ0.6 ሰከንዱ አንድ እርምጃ የሚራመድ በመሆኑ፣ ሰርቨሩ አውሮፓ፣ ተጫዋቹ አዲስ አበባ ሲሆን የኔትወርኩ መዘግየት ከዚያች ጊዜ ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ ዋሻውን የገባሁት ኔትወርኩ ጋብ በሚልበት በውድቅት ሌሊት፣ ከዋይፋይ ይልቅ በስልኬ ዳታ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩ አብሮ ይሄዳል፣ ስልኩ ግን ይቀጥላል። ጨዋታው ከ2018 ጀምሮ በስልክ መሥራቱ ለእኔ ዓይነቱ ተጫዋች ቀላል ነገር አልነበረም። ካባው በእጄ ሲገባ ያገኘሁት ደስታ ግን ከየትኛውም ድሮፕ የተለየ ነው፤ ያንን ካባ የለበሰ ሰው ጃድን ማለፉ ከሩቁ ይታወቃል።

በነጥብ የሚገኘው ሁሉ ግን እንደዚህ አያስደስትም። ፋይተር ቶርሶ የተባለውን ጥሩር ለማግኘት ባርባሪያን አሶልት በሚባለው የቡድን ውጊያ ውስጥ አምስት ሆኖ መጫወት፣ በአራቱም የሥራ ድርሻ በእያንዳንዱ 375 ነጥብ ማምጣትና የጭራቆቹን ንግሥት አንድ ጊዜ መጣል ግድ ነው። ዋጋው ቁርጥ ነው፤ የሚያስቸግረው ግን ሰው ነው። አንዱ ስልክ ተደወለልኝ ብሎ መሐል ላይ ይወጣል፣ አንዱ የትኛውን ቀስት መምታት እንዳለበት አይሰማም፤ የአምስቱም ድካም አብሮ ይፈሳል። ራሱን ችሎ ለመጫወት አይረንማን የመረጠ ሰው ለአንድ ጥሩር የአራት እንግዳ ሰዎችን ፈቃድ ሲለምን ማየት ያስቃል። ዕጣን የሚጠሉ ሰዎች ይህን ይረሱታል፦ ዕድል ቢያንስ አይጨቃጨቅም።

በሁለቱ መካከል ያለው ዲፌንደር የሚባለው ትንሽ ጋሻ ነው። በተዋጊዎች ማኅበር ውስጥ መጀመሪያ በሥራ ቶክን ይጠራቀማል፤ ከዚያ ቶክኑ እየተቆረጠ ባለ አንድ ዓይን ግዙፎች ይገደላሉ። የነሐሱ ጋሻ ከ50 አንድ በሆነ ዕድል ይወድቃል፤ እሱ ሲታይ የብረቱ፣ ቀጥሎ የሚበልጠው እያለ ሩን እስከሚባለው ብረት ይወጣና የመጨረሻው የድራጎኑ ከ100 አንድ ይሆናል። ዕጣ አለ፤ ግን በትንንሽ ደረጃዎች ስለተከፋፈለ የአንዱ መዘግየት በሌላው መፍጠን ይካካሳል። ጠቅላላ ድካሙም ከሰው ሰው ያን ያህል አይራራቅም። ድሮፕን ለሚነድፍ ባለሙያ ከዚህ ጋሻ የሚወሰድ ብዙ ነገር አለ።

ወደ ንጹሑ ዕጣ እንምጣ። አቢሳል ዊፕ የሚባለው ጅራፍ ለመካከለኛ ተጫዋች ትልቅ መሣሪያ ነው። የሚጥለውን ጭራቅ አቢሳል ዲመንን ለመግደል ስሌየር የሚባለው (የታዘዙ ጭራቆችን በማደን የሚያድግ) ችሎታ 85 መድረስ አለበት፤ ይህ በሥራ የሚገኝ ነው። ጅራፉ ግን ከ512 አንድ በሆነ ዕድል ነው የሚወድቀው። ብዙ ሰው 512 ከገደለ የሚገባውን ያገኘ ይመስለዋል፤ ስሌቱ ግን ሌላ ነው። 512 ከገደሉት ውስጥ 37 በመቶ ያህሉ ገና ባዶ እጃቸውን ናቸው። ሁለት እጥፉን የገደሉት መካከል ወደ 14 በመቶ የሚጠጉት፣ ሦስት እጥፉን ከገደሉት ደግሞ 5 በመቶው አላገኙም። እያንዳንዱ ግድያ ያለፈውን አያውቅም።

ነገሩን በዕቁብ ማየት ይቻላል። በዕቁብ ዕጣው የሚወስነው ተራን እንጂ ድርሻን አይደለም፤ መጀመሪያ የወጣለትም መጨረሻ የደረሰውም እኩል ጥሎ እኩል ይበላል። ድሮፕ ዕቁብ አይደለም። የገደሉት ቁጥር በመዝገብ ላይ ይጻፋል፣ ዕጣው ግን መዝገቡን አያየውም፤ የመጨረሻው ዕጣተኛ የሚባል ሰውም የለም። ሰው የሚናደደው ዕጣ በመኖሩ ሳይሆን የጣለው ባለመቆጠሩ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጅራፉ ለእኔ የወደቀው በመጀመሪያው የስሌየር ግዳጅ (የአደን ትእዛዝ) ላይ ነው። ከአሜሪካ አብሮኝ የሚጫወት ጓደኛ ስክሪኑን ስልክለት “አንተ ደግሞ ምን ሠርተህ ነው?” አለኝ፤ መልስ አልነበረኝም። ያኔ የተሰማኝ ድንገተኛ ደስታ ከጓንቱም ከካባውም አልተገኘም፤ ጓንቱ የሚመጣበትን ቀን ከሳምንት በፊት አውቀው ነበር። ድሮፕ ይጥፋ የሚሉትን የማልደግፈው ለዚህ ነው። ድራጎን ዋርሃመር የተባለው መዶሻ ደግሞ ሌላኛውን ፊቱን አሳየኝ። የሚገኘው ከሊዛርድማን ሻማኖች ሲሆን ዕድሉ ድሮ ከ5,000 አንድ ነበር፤ በኋላ ጃጌክስ ወደ ከ3,000 አንድ አሻሻለው። ማሻሻያው ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት ለገደለው ሰው የተካሰ ነገር የለም። መዶሻው እስካሁን የለኝም።

የሌሎች ጌሞች ተጫዋቾች ይህን ጉዳይ በራሳቸው መንገድ ፈትተውታል። በ1999 በወጣው ኤቨርክዌስት ውስጥ ብዙ ሰው ተባብሮ ለሚጥለው ቦስ የሚወድቀው ዕቃ ጥቂት ስለነበር፣ የተጫዋቾች ማኅበራት ዲኬፒ የሚባል የነጥብ አያያዝ ፈጠሩ፤ በዘመቻ የተገኘ ሁሉ ነጥብ ያጠራቅማል፣ ዕቃ ሲወድቅ በነጥቡ ይወስዳል። ምን እንደሚወድቅ ዕጣ ይወስናል፣ ለማን እንደሚሆን ግን ሥራ። የብሊዛርዱ ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍትም ይህንኑ ልማድ ወርሶ ለዓመታት ተጠቀመበት። በኋላም ብሊዛርድ ራሱ በ2020 ከጌሙ ማስፋፊያ ከሻዶውላንድስ ጋር ግሬት ቮልት የሚባል ሳምንታዊ ሳጥን አመጣ፤ በሳምንቱ ብዙ የሠራ ሰው እስከ ዘጠኝ ከሚደርሱ ዕቃዎች አንዱን ይመርጣል። በዚያው ዓመት የወጣው ጌንሺን ኢምፓክት ደግሞ 90ኛው ዕጣ ላይ ብርቁን ባለ አምስት ኮከብ ሽልማት በግዴታ ይሰጣል። ጣሪያ ማበጀቱ መልካም ነው፤ ዕጣው በገንዘብ መገዛቱ ግን ነገሩን ከጨዋታ ያወጣዋል።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ድሮፕ ብቻ ተብሎ የሚገደል ፍጡር ዘንድ አልሄድም፤ የምሄደው ግድያው ሌላ የሚቆጠር ነገር ሲሰጠኝ ነው። ሻማኖቹን የማድነው የስሌየር ግዳጅ ሆነው ሲታዘዙልኝ ብቻ ነው፤ መዶሻው ባይወድቅም የችሎታ ነጥቡ ይገባል። የዕቃውን ዕድል ካየሁ በኋላም የምጠይቀው ሦስት እጥፍ ብቆይ ሥራው ይሰለቸኛል ወይ ብዬ ነው፤ መልሱ አዎ ከሆነ አልጀምርም።

በዚህ መለኪያ የመረጥኩት ቀጣይ ሥራ ኮራፕትድ ጋውንትሌት የሚባለው የውጊያ ፈተና ነው። ተጫዋቹ ባዶ እጁን ይገባል፤ በ7 ደቂቃ ተኩል ውስጥ ትጥቁን እዚያው ከሰበሰበው ይሠራል፣ ከዚያ ቦሱን ይገጥማል። የክሪስታል ጥሩር ዘር ከ50 አንድ፣ ቀስቱ የሚሠራበት ዘር ደግሞ ከ400 አንድ ነው፤ ሙሉውን ጥሩር ለመሥራት ስድስት ዘር ያስፈልጋል። ስድስቱ ዘሮች እንደ ዲፌንደሩ በደረጃ ስለሚመጡ የእነሱን ጊዜ በግምት አስቀምጫለሁ። የቀስቱን ዘር ግን በዕቅዴ ውስጥ አላስገባሁትም፤ ስድስቱ ሞልተው እሱ ካልመጣ ውጊያው ገና የሚያጓጓኝ እስከሆነ ድረስ እቀጥላለሁ።