የቮልሴ የፊት ጎማ ፓራፋንጎውን ለምን ይበላው ነበር

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን የሐረጎን መንገድ በአሮጌ መኪና የነዳ ሰው ቁልቁለቱን በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በጆሮውም ያውቀዋል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ጉዞ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ እየተጠማዘዙ መውረድ ግድ ነው። ክረምቱ እንደወጣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ከአጎቴ በተረከብኩት እ.ኤ.አ. በ1972 በተሠራ ባለ 1300 ቮልስዋገን ይህን መንገድ ስወርድ፣ መሪውን ወደ ቀኝ ባዞርኩ ቁጥር ከግራው የፊት ጎማ በኩል እንደ ወፍጮ የሚያጓራ ድምፅ ይሰማ ጀመር። ኮምቦልቻ ገብቼ ስመለከተው የጎማው ትከሻ ዙሪያውን ተልጓል፤ የፓራፋንጎው (የጎማው መሸፈኛ ላሜራ) የኋለኛ ጠርዝም ቀለሙ ተገፎ ብረቱ ያንጸባርቃል።

ድምፁ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ብቻ የሚሰማበት ምክንያት ነበረው። መኪና ወደ ቀኝ ሲዞር ክብደቱ ወደ ግራ ያጋድላል፤ በቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ አፍንጫው ይደፋል፤ ሁለቱ ሲገናኙ የግራው የፊት ጎማ ሸክሙን ሁሉ ተሸክሞ ወደ ላይ ይገባል። በዚያው ቅጽበት ጎማው ወደ ቀኝ ስለተጠመዘዘ የፊተኛው ክፍሉ ወደ ውስጥ፣ የኋለኛው ክፍሉ ወደ ውጭ ይወጣል። ስለዚህ የተላገው የፓራፋንጎው የኋላ ጠርዝ መሆኑ በአጋጣሚ አልነበረም።

ጥፋቱ የተጀመረው ከሦስት ወር በፊት ጎማ ስቀይር እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። አሮጌዎቹ 155 አር 15 ነበሩ፤ ይህን ልክ ፈልጌ ባጣሁ ጊዜ የጎማ ነጋዴው 195/65 አር 15 አቀረበልኝና «አብሽር፣ ቁመታቸው አንድ ነው» አለኝ። ስለ ቁመቱ የተናገረው እውነት ነበር። 195 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ የጎኑ ቁመት የዚህ 65 በመቶ፣ ማለትም 127 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከላይና ከታች ተደርቦ ከ15 ኢንች ቸርኬ፣ ማለትም ከ381 ሚሊ ሜትር ጋር ሲደመር 635 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ የአሮጌው ጎማ ቁመትም ከዚህ አይርቅም። እኔ ያልጠየቅኩት ስለ ስፋቱ ነበር። አዲሱ ጎማ በ40 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ይህም ወደ ውስጥ 20፣ ወደ ውጭ 20 ሚሊ ሜትር ተጨመረ ማለት ነው። ከዚህም በላይ ይህ ጎማ ቢያንስ 5.5 ኢንች ስፋት ያለው ቸርኬ የሚፈልግ ሲሆን፣ የእኔ ቸርኬ 4.5 ኢንች ብቻ በመሆኑ ጎማው ከሥሩ ተቆንጥጦ ጎኑ እንደ ሆድ ያበጠ ነበር። ፓራፋንጎ ባይነካ እንኳ እንዲህ ያለ ጎማ በኩርባ ላይ የሚታመን አይደለም።

የቮልስ የፊት እግር አሠራር ነገሩን ያባብሰዋል። በብዙ መኪኖች ላይ የፊት ጎማ ወደ ላይ ሲገባ አናቱ በመጠኑ ወደ ውስጥ ያጋድላል፤ ስለዚህም ከፓራፋንጎው ጠርዝ ይሸሻል። የቮልስ የፊት ጎማ ግን ከሁለት አግድም ቱቦዎች ወደ ኋላ በተዘረጉ ሁለት ትይዩ ክንዶች ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ሞላውም በቱቦዎቹ ውስጥ የሚጠማዘዝ የብረት ቅጠል ነው። ክንዶቹ ትይዩ ስለሆኑ ጎማው ሳያጋድል ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ጎማ ደግሞ ከጠርዙ አልፎ ከወጣ የሚያድነው የለም። የመኪናው ሠሪዎች ፓራፋንጎውን የቀረጹት ለቀጭን ጎማ ነው።

ሆኖም የቀኙ ጎማም ያው ልክ ሆኖ ሳለ በግራ መታጠፊያ ላይ ድምፅ አያሰማም ነበር፤ እኔን ብዙ ያሳሰበኝም ይህ ነው። ደሴ ተመልሼ መኪናውን ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ አቆምኩና ከሁለቱም ፓራፋንጎዎች ጠርዝ ቱምቢ አንጠልጥዬ እስከ ቸርኬው ጠርዝ ለካሁ። የግራው ከቀኙ በ9 ሚሊ ሜትር ጠብቦ ተገኘ። የተጣመመው የፊት እግሩ ሊሆን ስለሚችል ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል ያለውን ርቀት በሁለቱም ጎን ለካሁ፤ ሁለቱም 2,400 ሚሊ ሜትር ሆኑ፤ የመኪናው ትክክለኛ ልክም ይኸው ነው። በክሪክ አንስቼ ጎማውን ከላይና ከታች ይዤ ብወዘውዘውም ልል ነገር አልተሰማኝም። ጥፋቱ የፓራፋንጎው እንደሆነ የተረዳሁት ያኔ ነው፤ አጎቴም በአንድ ወቅት ከጋሪ ጋር ተጋጭቶ እንደነበር ትዝ አለኝ።

ምክር ሰጪ አልጠፋም። አንድ የቦዲ ባለሙያ ጠርዙን በግራይንደር ቆርጠን እናስፋው አለኝ። ወደ ውስጥ የታጠፈው ጠርዝ ግን ለዚያ ቀጭን ላሜራ አጥንቱ ነው፤ ከተቆረጠ ላሜራው ይንቀጠቀጣል፣ ከቡሎኑ ቀዳዳ ይሰነጠቃል፣ ጭቃ የሚያርፍበትም ስለት ይዝጋል። ሌላው በቸርኬው ሥር ስፔሰር (ቸርኬውን ወደ ውጭ የሚያወጣ ወፍራም ቀለበት) አስገባ አለኝ፤ ይህ ጎማውን ጭራሽ ወደ ጠርዙ የሚገፋ ከመሆኑም በላይ፣ የቮልስ ጎማ የሚታሰረው በቡሎን ስለሆነ በመካከል የገባው ውፍረት ሁሉ ከቡሎኑ ጥርስ ላይ የሚቀነስ ነው። ሐረጎን በየሳምንቱ ለሚወርድ ሰው እንዲህ ያለ ምክር መስጠት ከባድ ነገር ነው፤ ሰጪዎቹ ክፋት እንደሌለባቸው ባውቅም ዛሬም ያሳዝነኛል።

የቮልስ ፓራፋንጎ እንደ ዛሬ መኪኖች ከአካሉ ጋር የተበየደ ሳይሆን በቡሎን የታሰረ መሆኑ ትልቅ ጸጋ ነው። ቡሎኖቹን ሌሊቱን በዘይት አስነክሬ በማግስቱ በ13 ቁልፍ ፈታኋቸው፤ አንዱ ተሰብሮ በመሰርሰሪያ መውጣት ነበረበት። ፓራፋንጎው ሲወርድ በውስጥ በኩል የድሮው ግጭት ቁልጭ ብሎ ታየ፤ ብረቱ ሳይቃና በውጭ በኩል ስቱኮ ተለጥፎ ቀለም ተቀብቶ ኖሯል። ስቱኮውን አንስተን፣ የቀኙን ቅርጽ በካርቶን ቀድተን፣ ከውስጥ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያልን አቃናነው። ሲመለስ በአካሉና በፓራፋንጎው መካከል የሚገባውን የላስቲክ ጥብጣብ በአዲስ ቀየርኩት፤ ቡሎኖቹንም ሁሉንም በልል አስገብቼ ቱምቢው ከቀኙ ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ካስተካከልኩ በኋላ ከላይ ጀምሬ አጠበቅኳቸው። የቀረው ልዩነት 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

ጎማውን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ የሚኖር ዘመዴ ሶማሌ ተራን አስሶ 165/80 አር 15 አገኘልኝ። ቁመቱ 645 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ወደ ላይ 5 ሚሊ ሜትር ይጨምራል፤ በስፋት ግን ከ195ቱ በ30 ሚሊ ሜትር ስለሚያንስ በየጎኑ 15 ሚሊ ሜትር ትርፍ ቦታ ሰጠኝ። 4.5 ኢንች ቸርኬም ለእርሱ ይበቃዋል። ጎሚስታው እንደ ልማዱ በአራቱም 35 ፒ.ኤስ.አይ. ንፋስ ሊሞላ ሲል አስቁሜ ከፊት 18፣ ከኋላ 27 አስደረግኩት፤ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ የቮልስ ፊት ቀላል ነው።

ለመፈተሽ የሁለቱንም ፓራፋንጎዎች የውስጥ ጠርዝ በጠመኔ ቀባሁና፣ የቮልስ ዕቃ መጫኛ ከፊት ስለሆነ ኮፈኑ ሥር አንድ ኩንታል ጤፍን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ጭኜ፣ ወንድሜን ከጎኔ አስቀምጬ ሐረጎን ወረድኩ። በየኩርባው ሬዲዮውን ዘግቼ አዳመጥኩ፤ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነበር። ቦርከናን ከማየታችን በፊት ዳር ይዤ ቆምኩና ተንበርክኬ አየሁት፤ ጠመኔው በግራም በቀኝም እንደተቀባ ነው። 195ቱን ጎማዎች እዚያው ኮምቦልቻ አንድ ባለ ኮሮላ ወሰዳቸው፤ ለእርሱ መኪና ልኩ ናቸው።